የሰውነትን ልክ ስለሚጠብቅ ታናሽ ሹም

ነገር ሁሉ በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ይጎዳል። ዝናም በልኩ ሲዘንም እህል ያበቅላል፤ ሲበዛ ማሳውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ሲያንስም ቡቃያው ይደርቃል። እንዲሁም የሰው ሰውነት በልክ የሚኖር ነው። ይህ ልክ በዐይን አይታይም። ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ሲማርም፥ ሲጫወትም፥ ሳያስበው ይጠበቅለታል። ጥቂት ቢዛባ ግን ሰው ይታመማል፤ ፈጽሞ ቢፈርስም ይሞታል። ስለዚህ ልኩን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነና እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቀው ማወቅ ለተማሪ ሁሉ የሚገባ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ የልኩ ነገር ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ነው። በሰሜን ተራራ ውርጭ የሚኖር ደገኛና በአፋር በረሃ ሐሩር የሚኖር ቆለኛ ሙቀታቸው ቢለካ አንድ ያህል ሆኖ ይገኛል። የአንዱ አገር ብርድ ውሃ የሚያረጋ፥ የሌላው አገር ፀሐይ ድንጋይ የሚያግል ሲሆን፥ በሁለቱ ሰዎች ውስጥ ያለው ሙቀት ግን አይለያይም። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የወረደበት ሰው ይደነዝዛል፤ ከ42 ዲግሪ በላይ የወጣበትም ሰው ለሞት ይቀርባል። እንግዲህ በጤናና በሞት መካከል ያለው ስፍራ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

የደሙም ነገር እንዲሁ ነው። ጐልማሳ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። በዚህ ሁሉ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ተሰብስቦ ቢመዘን ግን 5 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። ከሰውነቱም ክብደት ከ100 እጅ 60 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ስኳሩም፥ ውሃውም፥ ጨውም እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው፤ ሰውም ሲበላና ሲጾም፥ ሲጠጣና ሲጠማ፥ ልኩ ከስፍራው ብዙ አይርቅም።

ይህን የውስጥ ልክ አስተውሎ ያስተማረ ክሎድ ቤርናር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነበረ፤ የኖረውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1878 ዓ.ም. ነው። እርሱም የሰውነት ብልቶች ሁሉ በውስጥ ፈሳሽ ተከበው እንደሚኖሩ፥ ይህም ፈሳሽ ሳይለዋወጥ በጸና ጊዜ ሰው ለውጭው ብርድና ሙቀት ሳይገዛ መኖር እንደሚችል አስረዳ። ከእርሱም በኋላ ዋልተር ካነን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ በ1926 ዓ.ም. ለዚህ ነገር ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ በአንድ ዓይነት ጸንቶ መቆም እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አቋቋም እንደ ድንጋይ አቋቋም አይደለም። እንስራ አዝላ በገደል አፋፍ የምትሄድ ሴት እንዳትወድቅ ወዲያና ወዲህ እያለች ሰውነቷን እንደምታስተካክል፥ የውስጡም ልክ የሚጠበቀው ሳያቋርጡ በማስተካከል ነው።

የዚህ ሥራ ሹም በአንጐል ውስጥ ይገኛል። የሰው አንጐል 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። በታችኛው ወገኑ፥ ከዐይኖች በስተ ኋላ በመካከል፥ ሃይፖታላመስ የሚባል ስፍራ አለ፤ ክብደቱ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከእርሱም በታች ፒቱታሪ የሚባል ዕጢ በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ነው፤ ክብደቱም ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ዕጢ የሚያርፍበት የአጥንት ጐድጓዳ ኮርቻ ስለሚመስል፥ ሐኪሞች ኮርቻ ብለው ሰይመውታል። ሃይፖታላመስ እንደ ሹም ነው፤ ፒቱታሪም እንደ ምስለኔው ሆኖ የሹሙን ቃል ወደ ሩቅ አገር ያስተላልፋል።

ሹሙ ትእዛዙን የሚልክበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መንገድ ነርቭ ነው፤ ይህም እንደ ስልክ ሽቦ ከአንጐል ወደ ብልቶች ሁሉ ተዘርግቷል፤ በእርሱ የሚላክ ቃል በቅጽበት ይደርሳል። ሁለተኛው መንገድ ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ዕጢዎች ሠርተው ወደ ደም የሚጨምሩት፥ ደምም ተሸክሞ ወደ ብልቶች የሚያደርሰው መልእክተኛ ነው። የመጀመሪያውን ሆርሞን በ1902 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ቤይሊስና ስታርሊንግ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት አገኙት። በ1905 ዓ.ም. ስታርሊንግ ይህን ስም ሰጠው፤ ትርጓሜውም ቀስቃሽ እንደ ማለት ነው።

ደም በሰውነት ሁሉ የሚዞር ሲሆን፥ ሆርሞን የተላከበትን ብልት እንዴት ያውቀዋል የሚል ሰው ይኖራል። በቀድሞ ዘመን በገበያ መካከል ነጋሪት ተመትቶ አዋጅ ሲነገር፥ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማው ነበር። አዋጁ ስለ ሸማኔዎች የሆነ እንደ ሆነ ግን የሚፈጽሙት ሸማኔዎች ነበሩ፤ ሌላው ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሆርሞንም በደም ተጭኖ በሁሉ ስፍራ ያልፋል፤ የሚቀበለው ግን ለእርሱ የተበጀ መቀበያ ያለው ብልት ብቻ ነው። ቁልፍ የራሱን ቁልፍ ቤት እንጂ የሌላውን እንደማይከፍት ያለ ነው።

አሁን ሹሙ ሙቀትን እንዴት እንደሚጠብቅ ይታይ። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ሲበርድ እንጨት ትጨምራለች፤ ሲግልም እሳቱን ትቀንሳለች። ሃይፖታላመስም በእርሱ ዘንድ የሚያልፈውን ደም ሙቀት እየለካ እንዲሁ ያደርጋል። ደሙ ከልኩ በላይ የሞቀ እንደ ሆነ፥ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች እንዲሰፉና ላብ እንዲወጣ ያዛል። ከሸክላ እንስራ የሚወዛው ውሃ በነፋስ ሲደርቅ በውስጥ ያለውን ውሃ እንደሚያቀዘቅዘው፥ ላብም በቆዳ ላይ ሲደርቅ ሰውነትን ያቀዘቅዘዋል። ደሙ የበረደ እንደ ሆነ ግን የቆዳው የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውም ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ሙቀት ለማውጣት የሚደረግ የሥጋ ሥራ ነውና፥ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ጓደኛውን ፈሪ ብሎ የሚሰድብ ልጅ አላዋቂ ነው። በወባ ንዳድ የተያዘ ሰው ገላው እንደ እሳት እየጋለ በረደኝ ማለቱ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ሃይፖታላመስ ከበሽታው የተነሣ ልኩን ከ37 ዲግሪ ወደ ላይ ስላነሣው፥ የጋለው ደም ለእርሱ ገና የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

የውሃውም አጠባበቅ እንደዚሁ ነው። በቀትር ፀሐይ ብዙ መንገድ የሄደ ነጋዴ ላብ ስለሚወጣው የሰውነቱ ውሃ ይጐድላል፤ የደሙም ጨውነት ይበረታል። ለውጡ ከ100 እጅ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ሃይፖታላመስ ያውቀዋል፤ ወዲያውም ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፥ ሰውየው ውሃ ፍለጋ እንዲነሣ ጥማትን ይቀሰቅስበታል። ሁለተኛው፥ ቫዞፕሬሲን የሚባለውን ሆርሞን በፒቱታሪ በኩል ወደ ኩላሊት ይልካል፤ ውሃውን አታባክኑ ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያም የሚበዛውን ወደ ደም መልሰው 1 ሊትር ተኩል ያህሉን ብቻ በሽንት ያወጣሉ። በተጠማ ሰው ይህ ደግሞ ያንሳል፤ ስለዚህ ሽንቱ ጥቂትና ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ነጋዴው ውሃ አግኝቶ በጠጣ ጊዜ ጥማቱ ይበርዳል፤ ትእዛዙም ይቆማል። ቫዞፕሬሲን የሚጐድለው በሽተኛ ግን በቀን 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ይሸናል፤ ቀንና ሌሊትም ሲጠጣ ይኖራል። እንግዲህ ጥማት የሹሙ መልእክተኛ ነውና፥ በጨዋታ ወይም በስንፍና ሊያስተኙት አይገባም።

የልጅም እድገት በልክ ነው። ፒቱታሪ የእድገት ሆርሞን የሚባለውን ወደ ደም ይሰዳል፤ አጥንትም ሥጋም በእርሱ ያድጋሉ። የዚህ ሆርሞን ብዙው የሚወጣው በሌሊት፥ ልጅ ከባድ እንቅልፍ በተኛ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ልጅ የገዛ ሰውነቱን የሥራ ሰዓት ይሰርቃል። ሆርሞኑ ካነሰ ልጁ አጭር ሆኖ ይቀራል፤ ከበዛም ያለ ልክ ይረዝማል። ሮበርት ዋድሎ የሚባል ሰው በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በ1918 ዓ.ም. ተወለደ። ፒቱታሪ ዕጢው ያለ መጠን ስለ ሠራ ማደጉን አላቆመም፤ በ1940 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ሲሞት ቁመቱ 2 ሜትር ከ72 ሳንቲሜትር ነበረ። ሰው ሁሉ እያየ ይደነቅበት ነበር፤ እርሱ ግን እግሩን በብረት ደግፎ ይሄድ ነበር፤ በእግሩም ያለው ስሜት ጥቂት ነበረ። በመጨረሻ ያ የብረት ድጋፍ አቆሰለው፤ ቁስሉም አመርቅዞ ለሞት አደረሰው። ብዙ ልጆች የሚመኙት ርዝመት እንኳ ልኩን ሲያልፍ ሸክም ይሆናል።

ከዕጢዎች ሁሉ ለዚህ አገር ሰው ነገሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው በጉሮሮ ፊት የሚገኘው ዕጢ ነው። ስሙ ታይሮይድ ይባላል፤ መልኩም ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስላል። ሥራው ታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞን ማበጀት ነው። በታይሮክሲን ልክነት ሰውነት የበላውን ምግብ ወደ ኀይልና ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ልብም በደንብ ይመታል፤ የሕፃንም አጥንትና አንጐል ያድጋል። ይህ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይፈዛል፥ ይበርደዋል፥ ሥራም ይከብደዋል፤ ሲበዛም ልቡ በፍጥነት ይመታል፥ ሥጋውም ይከሳል።

ታይሮይድ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይሠራም። ሃይፖታላመስ ጥቂት መልእክት ወደ ፒቱታሪ ይልካል፤ ፒቱታሪም ሌላ ሆርሞን ወደ ታይሮይድ ይልካል፤ ታይሮይድም ትእዛዙን ሰምቶ ታይሮክሲንን ይሠራል። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ልኩን በሞላ ጊዜ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ያንኑ ደም ቀምሰው ይበቃል ብለው ዝም ይላሉ። ያ የመጀመሪያው መልእክት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ እርሱን ለማግኘት ብዙ ድካም ሆነ። ሮዤ ጊይመን የሚባል ሊቅ የብዙ በጎችን አንጐል፥ አንድሩ ሻሊ የሚባል ሌላ ሊቅም የብዙ ዐሣማዎችን አንጐል ሰብስበው ለዓመታት ሲመረምሩ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. መልእክቱ ከምን እንደ ተሠራ አወቁ፤ በ1977 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ትእዛዝ ብቻውን ሥራ አይሠራም። ሸማኔ ፈትል ሳይኖረው ኩታ ሊሠራ አይችልም፤ ታይሮይድም ያለ አዮዲን ታይሮክሲንን ሊሠራ አይችልም። የሚያስፈልገው አዮዲን ጥቂት ነው። ለአንድ ጐልማሳ በየቀኑ 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ 70 ዓመት ለሚኖር ሰው የዕድሜው ሁሉ ድርሻ ተሰብስቦ ቢመዘን 4 ግራም አይሞላም። ይሁን እንጂ ይህ ጥቂት ነገር በሁሉ አገር አይገኝም። አዮዲን በባሕር ይበዛል፤ በተራራማ አገር ግን የብዙ ዘመን ዝናም ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ በዚያ አፈር የበቀለ እህልና ጐመንም ያው ይጐድለዋል።

ሰውም ይህን ያጣ እንደ ሆነ፥ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ደሙን ሲቀምሱ ታይሮክሲን አንሶ ያገኙታል። የዕጢውን ችግር አያውቁም፤ የሚያውቁት የሥራውን መጉደል ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ያበረታሉ። ታይሮይድም ለመታዘዝ ሲል ሕዋሳቱን እያበዛ ይሰፋል፤ ፈትል ያጣ ሸማኔ ጌታው ሸማ አምጣ እያለ ቢያስጨንቀው፥ ሌላ ሸማኔና ሌላ መወርወሪያ እየጨመረ ቤቱን እንደሚያሰፋ ማለት ነው። ቤቱ ይሰፋል፤ ሸማው ግን አይገኝም። ይህ በአንገት ላይ የሚታየው እብጠት እንቅርት ይባላል። እንቅርት ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚበዛው ግን አዮዲን ከማጣት የሚመጣው ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ አገር እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። መከራ በመከራ ላይ ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ምሳሌ መኖሩ ይህን ያሳያል። የሚያሳዝነው ግን በዐይን የሚታየው እብጠት ብቻ አይደለም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ብታጣ የሕፃኑ አንጐል በሙሉ ሳያድግ ይቀራል፤ ይህም ጉዳት ኋላ በመድኃኒት አይመለስም። አንጐል ታይሮይድን ያዛል፤ ነገር ግን አንጐል ራሱ የሚያድገው ታይሮይድ በሚሠራው ነው። እንዲህ ሲሆን አዛዥና ታዛዥ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ፤ ታዛዡ ሲራብ አዛዡም ይጎዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በተራራማው በስዊስ አገር እንቅርት በዝቶ ነበርና፥ በ1922 ዓ.ም. በምግብ ጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር ጀመሩ፤ በአሜሪካም በሚሺጋን ግዛት በ1924 ዓ.ም. እንዲሁ ተደረገ። ከዚያም በኋላ እንቅርት ከተማሪ ልጆች አንገት ላይ እየጠፋ ሄደ። በኢትዮጵያም እንደ አገሩ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጣ። ጨው ድሀም ባለጠጋም በየቀኑ የሚቀምሰው ስለ ሆነ፥ ጥቂቱን አዮዲን ወደ ቤት ሁሉ ያደርሰዋል። አዮዲን ያለበት ጨው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ በተከደነ ዕቃ ሊቀመጥ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል ሊጨመር ይገባዋል፤ አለዚያ አዮዲኑ ይቀንሳል። ይህን የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለእናቱ በትሕትና ቢነግራት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይጠቅማል።

ከዚህ ታናሽ ሹም ሦስት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፥ አስቀድሞ መስማት ነው፤ ሃይፖታላመስ ደሙን ሳይለካ አያዝም። ሁለተኛው፥ ሲበቃ ዝም ማለት ነው፤ ጥማት ከበረደ በኋላ ትእዛዙን ያቆማል፤ ይህ ዝምታ ከትእዛዙ ያላነሰ ጥቅም አለው። ሦስተኛው፥ ሥራው የጐደለበትን ሰው ከመቆጣት በፊት ምን እንደ ጐደለው መጠየቅ ነው። በአንገት ውስጥ ያለው ዕጢ ሲያብጥ የሚታየው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ትእዛዝ እየበዛበት ፈትሉን ግን የሚሰጠው ስላጣ ነው። ስለዚህ እንቅርት ያለበትን ሰው በመንገድ አይቶ የሚስቅ ልጅ ቢኖር፥ ያ ሰው ያጣው የአንድ ማንኪያ ሲሶ የማይሞላ ነገር እንደ ሆነ ያስብ፤ በመሳቅ ፈንታም ወደ ሐኪም የሚሄድበትን መንገድ ያመልክተው።